«ማነህ? ወረቀት አለህ?» ኮምፒዩተርና ፕሪንተር ምን ይነጋገራሉ?

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። ለሰው እውነት ሊሆን ይችላል። ለማሽን ሲሆን ግን ተረቱ አይሠራም። ዝም ያለ ማሽን ሥራ ያነቅዛል፣ ገንዘብ ያነቅዛል፣ አንዳንዴም የሰው ስም ያነቅዛል። ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም።

ነገሩ የሆነው በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ኮምፒዩተር ወደ ዝግጅት ክፍላችን በገባ ሰሞን ነው። በጋዜጣችን ላይ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይወጣ ነበር። ተከሳሹ በአድራሻው ሲጠፋ ፍርድ ቤቱ በጋዜጣ እንዲጠራ ያዝዛል፤ ከሳሽ ከፍሎ ያሳትማል። አንድ ቀን ማምሻ ላይ አራሚያችን በአንድ መጥሪያ ውስጥ የተከሳሹ የአባት ስም ተሳስቶ አገኘው። የኮምፒዩተር ጸሐፊው ወዲያው አስተካከለና ገጹ እንደገና እንዲወጣ አዘዘ። ስክሪኑ ላይ ሥራው ወደ ፕሪንተሩ መላኩን የሚገልጽ መልእክት መጣ። እኛም «አበቃ፣ ደቂቃ ነው የቀረው» ብለን ቁጭ አልን።

ፕሪንተሩ ያለው ከላይኛው ፎቅ፣ ከአንድ ሌላ ኮምፒዩተር ጋር ተያይዞ ነው። ክፍሉ ከሥራ ሰዓት በኋላ ይቆለፋል። አሥር ደቂቃ ጠበቅን፤ ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ከማተሚያ ቤት ስልክ ተደወለ፤ «ገጹን ላኩ» ተባልን። ጸሐፊው ደጋግሞ አዘዘ፤ ስክሪኑም ደጋግሞ «ተልኳል» አለው። በመጨረሻ ዘበኛው ቁልፍ አምጥቶ ሲከፈት ፕሪንተሩ ላይ ቀይ መብራት በርቷል። ከጎኑ ያለው ኮምፒዩተር ስክሪንም ወረቀት ማለቁን አንድ ሰዓት ሙሉ ለባዶ ክፍል ሲናገር ቆይቷል። ማተሚያ ቤቱ ከዚያ በላይ አልጠበቀም፤ ያልታረመው ገጽ ታተመ። ከሳሽዋ ሴት ጋዜጣውን ይዛ ችሎት ስትቀርብ «ስሙ የተከሳሹ ስም አይደለም» ተብላ ቀጠሮዋ በሁለት ወር ተላለፈ። ቢሯችን መጥታ ያለቀሰችውን ለቅሶ እስከዛሬ አልረሳነውም።

በማግስቱ ግምገማ ተጠራ። «የሥራ ግድየለሽነት» ተብሎ የኮምፒዩተር ጸሐፊው የአሥራ አምስት ቀን ደመወዝ ተቀጣ። ቃለ ጉባኤው ላይ ከፈረሙት አንዱ እኛው ነን። ጥፋቱ የማን እንደነበረ የገባን ዘግይቶ፣ በስደት አገር፣ ስለ እነዚህ ማሽኖች አሠራር በተማርንበት ጊዜ ነው። ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ነው፤ ኮምፒዩተር ፕሪንተሩን እንዴት እንደሚጠይቅ፣ ፕሪንተሩም እንዴት እንደሚመልስ፣ መልሱ ደግሞ ማን ጆሮ ላይ መድረስ እንዳለበት።

«ማነህ?»

ቴሌክስን የሚያስታውስ የጋዜጣ ሰው ይህን ነገር ቶሎ ይረዳዋል። በቴሌክስ መልእክት ከመላክ በፊት ላኪው አንዲት ቁልፍ ይነካል፤ ትርጉሟ «ማነህ?» ማለት ነው። በሌላኛው ዳር ያለው ማሽን ሰው ባይኖርበትም፣ ሌሊትም ቢሆን፣ የራሱን መለያ ራሱ ይጽፍና ይልካል። መለያው የተቀረጸው ማሽኑ ውስጥ ባለች ትንሽ ተሽከርካሪ ከበሮ ላይ ነው። ልምድ ያለው ኦፕሬተር መልእክቱ ሲጀመር አንድ ጊዜ፣ ሲያልቅም አንድ ጊዜ ይጠይቃል። ሁለቱም መልሶች ከመጡ መስመሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልተቋረጠም ማለት ነው። ኦፕሬተሩ «ልኬያለሁ» የሚለው ያን ጊዜ ነው።

ይህቺ «ማነህ?» የምትል ጥያቄ ቴሌክስ ሲሞት አብራ አልሞተችም። እ.ኤ.አ. በ1963 የአሜሪካ የደረጃ መዳቢዎች አስኪ የተባለውን የኮምፒዩተር ፊደላት ሠንጠረዥ ሲያወጡ 5ኛውን ቁጥር የሰጡት ለዚችው ጥያቄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ሠንጠረዡ ሲሻሻል ስሟ «ጥያቄ» ወደሚል አጠቃላይ መጠሪያ ተቀየረ። በዚሁ ሠንጠረዥ 6 ቁጥር «ደርሶኛል» ማለት ሲሆን 21 ደግሞ «አልተቀበልኩም» ማለት ነው። እነዚህ ቁጥሮች በወረቀት ላይ የሚታተሙ ፊደላት አይደሉም። ማሽንና ማሽን እርስ በርስ የሚጠቃቀሱባቸው ምልክቶች ናቸው።

አምስቱ ሽቦዎች

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሴንትሮኒክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለፕሪንተሮቹ የሠራው ኬብል ለብዙ ዓመታት የዓለም ሁሉ ፕሪንተር መስመር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲም ይህንኑ ተከተለ። ዕድሜው የፈቀደለት ሁሉ ያን ወፍራም ኬብልና ባለ 25 እግር ሶኬቱን ያስታውሳል።

ኬብሉ ውስጥ ስምንት ሽቦዎች ጽሑፉን ከኮምፒዩተር ወደ ፕሪንተር ይወስዳሉ። አምስት ሽቦዎች ደግሞ በተቃራኒው፣ ከፕሪንተር ወደ ኮምፒዩተር ይመጣሉ። አንደኛው «ሥራ ይዣለሁ፣ ቆይ» ይላል። ሁለተኛው «ያንን ፊደል ተቀብያለሁ» ይላል። ሦስተኛው «ወረቀት አልቋል»፣ አራተኛው «ዝግጁ ሆኜ መስመር ላይ ነኝ»፣ አምስተኛው «ችግር አለብኝ» ይላል። ቃል የላቸውም፤ ኤሌክትሪክ አለ ወይም የለም፣ በቃ። ኮምፒዩተሩ እያንዳንዷን ፊደል ከመላኩ በፊት እነዚህን ሽቦዎች ማየት ይችላል።

እንግዲህ ያን ዕለት ማታ ፕሪንተራችን ግዴታውን አልተወም ነበር ማለት ነው። ወረቀት ማለቁን ተናግሯል፤ ከጎኑ ያለው ኮምፒዩተርም ሰምቷል። ታች ያለው የጸሐፊው ኮምፒዩተር ግን ያነጋገረው ያንን ሁለተኛውን ኮምፒዩተር እንጂ ፕሪንተሩን አልነበረም። ሁለተኛው ኮምፒዩተር «ወረፋ ይዤልሃለሁ» ሲለው እሱ «ተልኳል» ብሎ ለጸሐፊው ነገረው። በ«ተልኳል» እና በ«ታትሟል» መካከል አንድ ፎቅ፣ አንድ የተቆለፈ በርና የአንዲት ሴት ሁለት ወር ነበረ።

18 ማለት ሰላም ማለት ነው

የኋላ ኋላ አምስት ሽቦ አልበቃ አለ። ፕሪንተሩ የሚናገረው በዛ፤ ክዳን ተከፍቷል፣ ወረቀት ሊያልቅ ነው፣ መቁረጫው ተይዟል፣ አንድ ሰው ቁልፍ እየተጫነ ነው። ለዚህም ጥያቄና መልሱ በቁጥር ሆነ።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በየሱቁና በየሬስቶራንቱ ደረሰኝ የምታወጣው ትንሽ ፕሪንተር ናት። በአሜሪካም በአውሮፓም የወገኖቻችን ምግብ ቤቶች ውስጥ ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ፣ ወይም ማድ ቤት ውስጥ ከወጡ ማሰሮ አጠገብ ትገኛለች። ኤፕሰን የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለእነዚህ ያወጣውን ቋንቋ ብዙ ሌሎች አምራቾችም ወስደውታል። በዚህ ቋንቋ ኮምፒዩተሩ ሦስት ቁጥሮችን አከታትሎ ይልካል፤ 16፣ 4 እና 2። ትርጉሙ «ሥራ ካቆምክ ለምን እንዳቆምክ ንገረኝ» እንደማለት ነው። ፕሪንተሯ ወዲያው አንድ ቁጥር ብቻ ትመልሳለች።

መልሱ 18 ከሆነ ሰላም ነው። ለምን 18? ያ አንድ ቁጥር እንደ ስምንት ትናንሽ አምፖሎች ነው። እያንዳንዱ አምፖል የራሱ ዋጋ አለው፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64 እና 128። የበሩት ይደመራሉ። ከእነዚህ ውስጥ ባለ 2 እና ባለ 16 ሁልጊዜ እንዲበሩ ተደርገዋል፤ ድምራቸው 18 ነው። ባለ 1 እና ባለ 128 ደግሞ ሁልጊዜ ይጠፋሉ። ኮምፒዩተሩ ይህን መልክ ሲያይ «ይህ የጥያቄዬ መልስ ነው» ብሎ ከሌላ ምልክት ይለየዋል። ወሬው ያለው በቀሩት አራቱ ላይ ነው። ክዳኑ ከተከፈተ 4 ይጨመርና መልሱ 22 ይሆናል። አንድ ሰው የወረቀት ማሳለፊያውን ቁልፍ ተጭኖ ወረቀት እየወጣ ከሆነ 8 ይጨመርና 26 ይሆናል። ወረቀት አልቆ ከቆመች 32 ተጨምሮ 50 ይመጣል። ሌላ ብልሽት ካለ 64 ይጨመራል። 54 ከመጣስ? ክዳኑም ተከፍቷል፣ ወረቀቱም አልቋል፤ ምናልባት አስተናጋጁ አዲስ ጥቅል ሊከት እየሞከረ ነው።

በመጨረሻው ቦታ በ2 ፈንታ 4 ከተላከ ጥያቄው ስለ ወረቀቱ ብቻ ይሆናል። ሊያልቅ ሲል የሚያውቅ መመርመሪያ ያላት ፕሪንተር 30 ብላ ከወዲሁ ታስጠነቅቃለች። የቅዳሜ ማታ ግርግር ሳይጀመር ጥቅሉን መቀየር የሚቻለው ይህን መልስ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ሲኖር ነው።

የዚህ ጥያቄ ትልቁ ጥበብ ወረፋ የማይጠብቅ መሆኑ ነው። ሌላው ትእዛዝ በአብዛኛው በተራው ይሠራል፤ ፕሪንተሯ ከቆመች ግን ተራው አይደርስም። ስለዚህ «ለምን ቆምክ?» የሚለው ጥያቄ ከወረፋው ኋላ ቢሰለፍ ኖሮ መልስ አያገኝም ነበር። በሽተኛ መታመሙን ለመናገር መጀመሪያ መዳን አለበት እንደማለት ይሆናል። ይህን የተረዱ መሐንዲሶች ጥያቄው ሰልፉን አልፎ እንዲገባ አደረጉ። ጭራሽ መልስ ካልመጣም ያው መልስ ነው፤ ኬብሉ ተነቅሏል ወይም ኤሌክትሪኩ ጠፍቷል። ጥሩ ፕሮግራም ትንሽ ይጠብቅና ዝምታውን ለሰው ይናገራል። መጥፎ ፕሮግራም ግን ዝምታን እንደ እሺታ ይቆጥራል።

ሌላም መንገድ አለ። ኮምፒዩተሩ በየጊዜው ከመጠየቅ ይልቅ «ነገር ሲለወጥ አንተው ንገረኝ» ብሎ አንድ ጊዜ ያዝዛል። ከዚያ በኋላ ክዳን ሲከፈት፣ ወረቀት ሲያልቅ፣ ፕሪንተሯ ሳትጠየቅ አራት ቁጥሮችን ትልካለች።

በአገር ቤት ይህን ዓይነቱን ማሽን ነጋዴው ሁሉ ያወቀው በ1999 ዓ.ም. የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ አጠቃቀም ደንብ ቁጥር 139 ከወጣ ወዲህ ነው። ቀድሞ ደረሰኝ በእጅ ይጽፍ የነበረ ባለሱቅ ወረቀት፣ ክዳንና ቁልፍ ያለው ማሽን ፊት ቆመ። ማሽኑ ለመንግሥት ግብር የሚመዘግብ እንደመሆኑ፣ «ቆሟል» እና «ተመዝግቧል» የሚሉት ቃላት ልዩነት ለባለሱቁ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቅጣት ጉዳይም ሆነ።

ቁልፉን የተጫነው ማነው?

ፕሪንተር ቁልፍ ያለው ሰው እንዲነካው ነው። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሩ ቁልፉንም ይጠይቃል፣ ሲፈልግም ይቆልፋል። ከላይ ባነሳነው የደረሰኝ ፕሪንተር ቋንቋ አንዲት አጭር ትእዛዝ ቁልፎቹን ከሥራ ውጭ ታደርጋቸዋለች። አላፊ አግዳሚው እየተጫነ ወረቀት እንዳይጨርስ ይጠቅማል።

በቢሮ ትልልቅ ፕሪንተሮች ላይ ደግሞ ነገሩ ከፍ ይላል። ሒውሌት ፓካርድ ፒጄኤል በተባለው የትእዛዝ ቋንቋው ኮምፒዩተሩ «ሁኔታህን ንገረኝ» ሲል ፕሪንተሩ ሦስት ነገር ይመልሳል። የሁኔታው መለያ ቁጥር አንዱ ነው፤ ዝግጁ ከሆነ 10001። ሁለተኛው በዚያች ደቂቃ በፕሪንተሩ ትንሽ መስታወት ላይ ለሰው የተጻፈው ቃል ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ መሆን አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ሌላ ፎቅ ላይ ሆኖ ፕሪንተሩ ፊት የቆመ ሰው የሚያነበውን ያነብባል።

ከዚህም ያልፋል። ኮምፒዩተሩ በዚያ መስታወት ላይ መልእክት አስጽፎ ፕሪንተሩን ማቆም ይችላል። ለምሳሌ ቢጫ ወረቀት እንዲገባ ይጠይቃል። ፕሪንተሩ ፊት ያለው ሰው ወረቀቱን አስገብቶ ቁልፍ ሲጫን፣ ፕሪንተሩ የተጫነውን ቁልፍ ስም ለኮምፒዩተሩ መልሶ ይልካል። በሁለት ማሽኖች ንግግር ውስጥ ሰው ምስክር ሆኖ ገባ ማለት ነው። «ተልኳል» የሚለው የማሽን ቃል ነው፤ «አይቼዋለሁ» የሚለው ግን የሰው ጣት ነው። እኛ ያን ማታ የጎደለን ይህ ነበር።

አንድ የወረቀት መታነቅ ያመጣው ጣጣ

በዚህ ጉዳይ የተበሳጨነው እኛ ብቻ እንዳልሆንን ያወቅነው የሪቻርድ ስቶልማንን ታሪክ ስናነብ ነው። ስቶልማን በአሜሪካ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ላቦራቶሪ ፕሮግራም አዘጋጅ ነበር። ፕሪንተሩ ከሠራተኞቹ ርቆ የተቀመጠ ሲሆን ወረቀት እየታነቀበት ያስቸግር ነበር። ስቶልማን ማሽኑን መጠገን ባይችልም ፕሮግራሙ በእጁ ስለነበረ አንድ ነገር ጨመረበት። ወረቀት ሲታነቅ ኮምፒዩተሩ ወረፋ ለያዙት ሰዎች ሁሉ መልእክት ይልካል። ሁሉም ቸኩሏልና አንዱ ተነሥቶ ሄዶ ያስተካክለዋል። ችግሩ አልጠፋም፤ ግን ሳይታወቅ መቆየቱ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ላቦራቶሪው ከዜሮክስ አዲስ ሌዘር ፕሪንተር አገኘ። ፈጣንና ጥሩ ነበር፤ እሱም ግን ወረቀት ያንቃል። ፕሮግራሙ ለማሽን በሚገባ መልክ ብቻ ስለተሰጠ ስቶልማን ያንን ማስጠንቀቂያ ሊጨምርበት አልቻለም። ምንጩ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ ሰው ዘንድ መኖሩን ሰምቶ ሄዶ ጠየቀው። ሰውየው ለሌላ ላለመስጠት ፈርሜያለሁ ብሎ ከለከለው። ስቶልማን ይህን ቀን በንግግሮቹ ደጋግሞ ያነሣዋል። እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 1983 የግኑን ፕሮጀክት ያስታወቀው፣ በ1985 የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን ያቋቋመው ፕሮግራም የሁሉም መሆን አለበት በሚል እምነት ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ከጀመረው ሊኑክስ ጋር ተዳብሎ ዛሬ ስፍር ቁጥር የሌላቸው የኢንተርኔት ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሥርዓት አንዱ ሥሩ እዚያ ነው። የታነቀ ወረቀት ነገር ቀላል አይደለም የምንለው ለዚህ ነው። ማሽኑ የሚናገረውን የመስማት መብት የማን ነው የሚል ጥያቄ ከበስተኋላው አለ።

የሚጠይቀው ሁሉ ወዳጅ አይደለም

ፕሪንተር በኔትወርክ መኖር ሲጀምር ጥያቄውም በኔትወርክ ሆነ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1995 የወጣና በሰኔ 2004 የታደሰ አንድ የጋራ ደንብ፣ ኤስኤንኤምፒ በተባለው የመጠያየቂያ ዘዴ የማንኛውም አምራች ፕሪንተር ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ክዳኑ፣ በመስታወቱ ላይ ስለተጻፈው ቃልና ስለ መብራቶቹ በአንድ ቋንቋ እንዲመልስ አደረገ። አንድ ሠራተኛ ወንበሩ ላይ ሆኖ የአምስት ሕንፃ ፕሪንተሮችን ሁኔታ ማወቅ ቻለ።

በሌላ በኩል ብዙ ፕሪንተሮች ጠያቂውን «አንተስ ማነህ?» ብለው አይጠይቁም። የድሮው ቴሌክስ ያደርገው የነበረውን ትተውታል። በር ቁጥር 9100 በተባለው መግቢያ የመጣን ሁሉ ተቀብለው ያትማሉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 አንድ ሰው ይህን በር ክፍት ያደረጉ 50,000 ያህል ፕሪንተሮች ላይ በአንድ ጊዜ የአንድ ዩቲዩበር ማስታወቂያ አተመባቸው። በየአገሩ ያለ ሰው ያላዘዘው ወረቀት ከማሽኑ ሲወጣ ደነገጠ። ቀልድ ነበር፤ ግን ማስታወቂያ የሚያትም እጅ የፕሪንተሩን መስታወት ሊያነብ፣ ቁልፉንም ሊቆልፍ ይችላል።

ስለዚህ ሱቅ ላላችሁ፣ የኮሚዩኒቲ ማኅበርና የቤተ ክርስቲያን ቢሮ ለምታስተዳድሩ ወገኖች ሦስት ነገር እንመክራለን። አንደኛ፣ ፕሪንተራችሁ በቀጥታ ከኢንተርኔት እንዳይደረስ አድርጉ፤ በቢሯችሁ ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠውን የይለፍ ቃል ቀይሩ። ሦስተኛ፣ የሽያጭ ፕሮግራም ስትገዙ ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ «ወረቀት ሲያልቅ ማን ይነገረዋል?» በሉት። ከዚያ እሱ ፊት ክዳኑን ክፈቱትና የገንዘብ መቀበያው ስክሪን ምን እንደሚል እዩ። ዝም ካለ አትግዙት።

ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ያን ግምገማ ስናስብ የሚያሳፍረን ቅጣቱን መወሰናችን ብቻ አይደለም። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ስድስት ሰዎች ተቀምጠን «መልሱ የት ቀረ?» ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም። ሁላችንም የጠየቅነው «ማን ነው ጥፋተኛው?» ብለን ነው። ጸሐፊው «ስክሪኑ ተልኳል ብሎኛል» እያለ ሲናገር ሰበብ መሰለን። እውነቱን ነበር። እሱ ጠይቋል፣ ደጋግሞም ጠይቋል። የመለሰለት ግን ወረቀቱን የማያይ ማሽን ነበር። የላይኛውን ክፍል በር አስቆልፈን የምንሄደው ደግሞ እኛ አለቆቹ ነበርን።

ያ ሰው ዛሬ የት እንዳለ አናውቅም። ይህን ጽሑፍ ካነበበው፣ ያ የአሥራ አምስት ቀን ደመወዝ የእኛ ዕዳ መሆኑን ይወቅልን። በቃለ ጉባኤ የጻፍነውን በጽሑፍ እናርመዋለን፤ ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም።

ቸር ይግጠመን።